ባዮሎጂ ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዲፓርትመንት ምደባ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛ ታናሽ እህት፤ ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ባዮሎጂ ተምሬ ተመርቄያለሁ። ከዚያም ጥቂት ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ አሠርቻለሁ። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። አብዛኛው ስለ አገር ቤት ነው፤ ውጭ ላላችሁም ወደ ታች የሚሆን አለ።

ሌላ ሞልቼ ባዮሎጂ ደረሰኝ። አለቀልኝ ማለት ነው?

አላለቀላችሁም። እኔም ፋርማሲን አንደኛ፣ ባዮሎጂን ስድስተኛ አድርጌ ሞልቼ ስድስተኛው ነው የደረሰኝ። ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ዶርም ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። ከክላሳችን ባዮሎጂን ወደው የመጡት ቢቆጠሩ የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም ነበር። እናቴ ግን ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ አውርታለች። ለእረፍት ስመለስ አንዲት ጎረቤታችን የግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ ዶክተር ልጄ፣ ይቺ ነጯ ጠዋት ነው ማታ የምትዋጠው?» ባዮሎጂና ሕክምና የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ሞከርኩ። «እሺ እሺ፣ ስትጨርስ ትነግረኛለህ» ብለው ሄዱ።

ከኩርፊያዬ ያስነሳኝ ሽንኩርት ነው። የጄኔቲክስ ላብ ላይ። ሽንኩርቱ ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቂጡ ብቻ ውሃ ይነካል። በሦስት በአራት ቀን ነጫጭ ሥር ያወጣል። ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጥና በቀጭን አሲድ ይለሰልሳል፤ ቀይ ቀለም ይጠጣል፤ ስላይድ ላይ ተደርጎ በስስ መስታወት ይከደናል። ከዚያ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ መስታወቱን ሰበርኩት። በሦስተኛው ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ስጥል አንዲት ሴል ለሁለት ልትከፈል ክሮሞሶሞቿን፣ ዘር የሚይዙትን ክሮች፣ መሐሏ ላይ ደርድራለች። ከጓደኛዬ ጋር ስንቆጥር፣ ስንጨቃጨቅ፣ ደግመን ስንቆጥር 16 ሆኑ። የሽንኩርት ቁጥር 16 ነው። ወጥ ውስጥ ስንት ዓመት የበላሁት ነገር እንደዚያ ሲሠራ ሳየው ብርድ ልብሱን ረሳሁት።

ምደባው ጨርሶ ካልተዋጠላችሁ ለመቀየር አመልክቱ። የሚወስነው ውጤታችሁና የቦታው ብዛት ነው። እስከዚያው ግን አትኩርፉ። አንድ ሴሚስተር ያኮረፈ ተማሪ ጂፒኤው ይበላል። የእኔ ተበልቷል።

ስንት ዓመት ይፈጃል? ምን ምን አለው?

4 ዓመት። እኛ በ3 ዓመት ነበር የተጣደፍነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፍሬሽማን ተመልሷል። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ነው። ጀነራል ባዮሎጂ አለ፤ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊም አሉ። ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ የሴል ባዮሎጂ፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ኮርሶች፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ስለ ነፍሳት፣ ስለ ጥገኛ ተውሳክ፣ ኢኮሎጂ እያለ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጥናት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ነው። እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። የሁለተኛ ዓመት ኖታችሁን ለጁኒየር ሸልማችሁ አትሂዱ፤ ትፈልጉታላችሁ።

ሽምደዳ ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ሸምድዶ ያለፈ ብዙ አይቻለሁ። ሸምድዶ የገባው ግን አላየሁም።

ችግሩ ስሞቹ ናቸው። ተማሪው እንደ ስልክ ቁጥር ይይዛቸውና ከፈተናው በር ሲወጣ ይረሳቸዋል። ስሞቹ ግን ተሰንጣቂ ናቸው። «ሄማ» ደም ነው፤ «ሳይት» ሴል፤ «ኤፒ» ላይ፤ «ደርም» ቆዳ። ሃምሳ ያህል ስንጣቂ የያዘ ሰው አምስት መቶ ቃል ይፈታል። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ለኖረ ሰው ቃል መሰንጠቅ አዲስ ሥራ አይደለም።

ደግሞ ሁሉም ስም ባዕድ አይደለም። የጤፍ ሳይንሳዊ ስም ኤራግሮስቲስ ጤፍ ነው፤ የራሳችን ቃል። ዋልያ ካፕራ ዋሊ ይባላል፤ ጭላዳ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ። ቀይ ቀበሮ ካኒስ ሲመንሲስ ሲባል ስሜንን ይዞ ነው። ኑግና ኮሶ ደግሞ ሁለቱም የአባት ስማቸው «አቢሲኒካ» ነው። የአባት ስም ስል ቦታውን ለማለት ነው እንጂ፣ በዚህ ዓለም የዘመዱ ስም ቀድሞ የራስ ስም ይከተላል።

ከኮሶ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። የጥገኛ ተውሳክ ኮርስ ላይ የኮሶ ትል ደረሰ። ትሉም ኮሶ፣ ዛፉም ኮሶ፣ አበባው ሲጠጣ መድኃኒቱም ኮሶ። መምህራችን ዑደቱን ሰሌዳው ላይ ሳሉት። እንቁላሉ ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት፣ ከከብቱ ጡንቻ በጥሬ ሥጋ ተመልሶ ወደ ሰው። ክላሱ ጸጥ አለ። ዓርብ ነበር። ከኋላ ያሉት ልጆች ለቅዳሜ ቁርጥ ሊበሉ ብር አዋጥተዋል። ቀጠሮውን አልሰረዙትም። ዑደቱን ግን አንዳቸውም በፈተና አልሳቱትም።

ሒሳብ ስለማልወድ ነው ባዮሎጂ የምፈልገው። ልክ ነኝ?

ተሸውዳችኋል። ስታቲስቲክስ አለ። አተሩን ሦስት ለአንድ የከፈለው የዘር ውርስ አጥኚ ሜንዴል ራሱ ቆጣሪ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ካልኩለስ አይደለም፤ ግን የቆጠራችኋቸው ዝንቦች ልዩነት እውነተኛ ይሁን አጋጣሚ በቁጥር ማሳየት አለባችሁ። እሱን ያልቻለ የመመረቂያ ጥናቱን ሰው ከፍሎ ነው የሚያሠራው፤ አይቻለሁ፤ አያምርም።

ላብራቶሪው እንዴት ነው? ዕቃ አለ?

እንደ ግቢው ነው። አንዳንዱ ጋ ለሁለት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ አለ። አንዳንዱ ጋ ለአሥር አንድ ነው፤ ያኔ ከፊት ያለው ያያል፣ ከኋላ ያለው ያየውን ይቀዳል። ላቡ ላብ ያስወጣል የምንለው ለቀልድ ብቻ አልነበረም።

የእኔ የመመረቂያ ሥራ በእንጀራ እርሾ ላይ ነበር። ከሦስት ቤት ቡሆ ላይ የሚያቀረውን ቢጫ ውሃ በንጹህ ጠርሙስ ለመንኩ። ማምከኛ ማሽኑ ስለተበላሸ የላብ ረዳታችን ከቤታቸው ፕሬሸር ኩከር አመጡ። ሥራው አንድ ነው፤ እንፋሎቱ ታፍኖ 121 ዲግሪ ሲደርስ 15 ደቂቃ ማቆየት። የእርሾውን ማሳደጊያ ምግብ ፔትሪ ዲሽ በሚባለው ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፈሰስኩ፤ እርሾውን ዘራሁ፤ በሁለተኛው ቀን ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እርሾዎቹ ሞላላ ናቸው፤ ከአንዱ ጎን ሌላው እንደ ቡቃያ ሲወጣ ይታያል። በመሐላቸው በጣም ደቃቅ ዘንግ የመሰሉ ባክቴሪያዎች አሉ። እንጀራውን የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው። እናቴ «እርሾው ጠንክሯል» ስትል የምታወራው ስለነዚህ ነበር ለካ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ዓርብ ማታ ጠፍቶ እሑድ መጣ። ሰኞ ፍሪጁን ስከፍተው ያስቀመጥኳቸው በሙሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰዋል። የሁለት ወር ሥራ። ጄኔሬተር ነበር፤ ናፍጣ አልነበረም። አማካሪዬ «የሆነውን እንዳለ ጻፈው፣ ከዚያ እንደገና ጀምር» አሉኝ። ሴቶቹ ቤት ጠርሙሴን ይዤ ተመለስኩ። አንደኛዋ ሳቁብኝ። «እኛ ስንት ዓመት ሳይበላሽብን ያኖርነውን አንተ በሁለት ቀን?»

የምመክረው፣ ናሙናችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የላብ ረዳቱን ደግሞ አክብሩ። ቁልፉም፣ አሲዱም፣ ዘዴውም ያለው እሱ ጋ ነው።

እንስሳ መቅደድ አለ? ደም አልችልም።

አለ። እንቁራሪት፣ በረሮ፣ አንዳንድ ቦታ ጥንቸል። ከደሙ ይልቅ የሚያስቸግረው የፎርማሊን ሽታ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። በበዓል በግ ሲበለት ቆማችሁ ካያችሁ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ጨጓራና ሽንፍላ ለይታ የምታጥብ እናት ያላት ልጅ የአመንዣኪ እንስሳትን ሆድ ሌክቸር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትሰማው።

ፊልድ ትሪፕ አለ ወይ?

በጀት ካለ አለ። ብዙ ጊዜ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው፤ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ። ወይም መናገሻ ሱባ ጫካ። አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን ነው፤ ከወረዱ በኋላ ግን ሥራ ነው። ቅጠሉ ከነአበባው ተቆርጦ በጋዜጣ መሐል ይዘረጋል፤ በእንጨት ይጠፈራል፤ ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። ካልተቀየረ ይጠቁራል። አንድ ሰፈር የከብት እረኛ ልጅ ተከተለን። መምህራችን እስኪያስታውሱ ልጁ የሃያ ሁለቱን ዕፅዋት ስም ነገረን፤ የትኛውን ፍየል እንደማይበላውም ጭምር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የተረፈው የእሱ ቃል ነው።

ዝግመተ ለውጥ የግድ ነው? እምነቴስ?

ኮርሱ የግድ ነው። ፈተናው ግን የምታምኑትን አይጠይቅም፤ አሠራሩን ነው የሚጠይቀው። ከኛ ክፍል በዚያ ኮርስ ኤ ያመጣው የዶርም ጓደኛዬ ዲያቆን ነበር። እሑድ ቅዳሴ ይቆማል፤ ሰኞ ስለ ተፈጥሯዊ መረጣ ያስረዳናል። እንዴት አስታርቆት እንደሆነ ጠይቄው «ሁለቱም ጋ አርፍጄ አላውቅም» ብሎ ዘጋኝ።

ነገሩ ስለ ጥንት ብቻም አይደለም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደካሞቹን ሲፈጅ የተቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፤ ያው መድኃኒት በሌላ ጊዜ አይሠራም። ይሄ ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ ያለ ነው። የጥንቱን ማየት ለፈለገ ደግሞ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ እዚያ ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው። ቁመቷ ሲታይ ሁሉም «ይቺ ናት?» ይላል።

እዚህ አገር የረባ ምርምር ይሠራል?

ይሠራል፤ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። በሽታውን የሚያዛምተው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ በብዛት ሞተዋል። እንዶዱ ነው የገደላቸው። እናቶቻችን በእንዶድ ያላጠቡበት ዘመን የለም፤ ሳሙናው የሚወርድበትን አቅጣጫ ተከትሎ ያየ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ያንን ግኝት ለመጀመር ያስፈለገው ዓይን ነበር፤ ጄኔሬተር አልፈለገም።

ሁለተኛው ጤፍ ነው። አርሶ አደር ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ሁለት ዓይነት ጤፍ አዳቅሎ ሦስተኛ ማውጣት ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። አበባው ደቃቅ ነው፤ መቼ እንደሚከፈትም አይታይም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታረቀ በርሄ የሚባሉ ተመራማሪ ደረሱበት። የሚከፈተው በማለዳ ነው፤ በእኛ ሰዓት አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ለአጭር ጊዜ። ከዚያ በኋላ ማዳቀል ተቻለ። ቁንጮ የሚባለው ጤፍ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው በዚያ መንገድ ነው። እንግዲህ ጠዋት መነሳት የማይወድ ሰው የጤፍ ተመራማሪ ሊሆን አይችልም።

አራት ኪሎ ደግሞ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ አለ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በመጽሐፍ የመመዝገቡ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው ያለቀው። ከመሪዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ተመዝግቧል። በጋዜጣ የደረቀ ቅጠል የት ይገባል ላላችሁ፣ እዚያ ነው የሚገባው።

ሥራስ?

እዚህ ጋ አልዋሽም። «ባዮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብርቅ ነው። «ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ ወይም ተዛማጅ» የሚለውን ነው የምትፈልጉት፤ «0 ዓመት» የሚለውን ደግሞ በአጉሊ መነጽር። ብዙው ሰው አስተማሪ ይሆናል። ለዚያ የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ የማስተማር ሙያ ሥልጠና ይጨመርበታል። የቀረው ወደ ግብርና ምርምር፣ ወደ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ወደ ዱር እንስሳት ጥበቃ፣ ወደ ውሃና ምግብ ጥራት ይበተናል። ከኛ ክላስ አንዷ የውሃ ላብራቶሪ ናት። አንዱ ቢራ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ውስጥ ነው። አንዱ ባንክ ገብቶ ቀረ፤ ስንገናኝ ምሳ የሚከፍለው እሱ ነው።

ሥራ ቶሎ ያገኙትን ሳስብ አንድ ነገር ይመሳሰሉብኛል። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ የእጅ ሙያ ይዘዋል። አንዱ ባክቴሪያ ማሳደግና መለየት፤ አንዷ ዕፅዋት መለየት፤ አንዱ ዳታ መተንተን። ኢንተርቪው ላይ «ምን ትችላለህ?» ሲባል «ባዮሎጂ» ብሎ የሚመልስ ሰው የትም አይደርስም። «ከውሃ ናሙና ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ለይቼ እቆጥራለሁ» ያለ ግን ይሰማል።

በባዮሎጂ ዲግሪ ሆስፒታል ላብራቶሪ እሠራለሁ?

አይቻልም። የሕክምና ላብራቶሪ የራሱ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ አለው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ ሳይገባችሁ አትሙሉ።

ከባዮሎጂ ወደ ሕክምና መግባት ይቻላል?

በ2004 ዓ.ም. የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃንን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ተጀምሮ ብዙ የባዮሎጂ ልጆች በዚያ ገብተዋል። ዛሬ ሐኪም የሆኑ አውቃለሁ። ግን መግቢያው ፈተናና ውድድር ነበር፤ አሁንም ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባዮሎጂን መሸጋገሪያ ብቻ አድርጋችሁ አትያዙት፤ ድልድዩ ከተዘጋ መሐል ላይ ትቀራላችሁ።

ልጄ አሜሪካ ነው ያደገችው። «ፕሪሜድ» እማራለሁ ትላለች። ባዮሎጂ ማለት ነው?

እማማ፣ አባባ፣ ይሄ ሁሌ ያምታታል። ፕሪሜድ ዲግሪ አይደለም፤ መንገድ ነው። እዚያ ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ በዲግሪው ላይ ሌላ 4 ዓመት። ዲግሪው ባዮሎጂ ቢሆን የሚፈለጉት ኮርሶች አብዛኞቹ በዚያው ይሸፈናሉ፤ ለዚህ ነው ብዙው የሚመርጠው። ታሪክ ተምሮም ግን ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱንና ባዮሎጂውን ጨምሮ መግባት ይቻላል። ከዚያ ኤምካት የሚባል ፈተና አለ፤ ጣሪያው 528 ነው። ልጅቷ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ከሆነች ግን በዚያ ሰሞን ስለ ሠርግ አታንሱባት።

እኔ አገር ቤት ተመርቄ ውጭ መቀጠል እፈልጋለሁ።

አሜሪካ ብዙ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ማስተርስ ሳይጠይቁ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ። ክፍያውን ችለው ወርሃዊ ገንዘብም ይሰጣሉ፤ በምትኩ ታስተምራላችሁ ወይም ላብ ትሠራላችሁ። የሚያዩት ጂፒኤውን ብቻ አይደለም። ምርምር የነካ እጅና በደንብ የሚያውቃችሁ መምህር የጻፈው ደብዳቤ ይመዝናል። መምህሩ ስማችሁን የሚያውቀው ግን ቢሯቸው ከሄዳችሁ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማራችሁ ኮስት ሼሪንጉን ሳትጨርሱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንደማይወጣ አስቡበት። ዴድላይን ሳምንት ሲቀረው የሚሮጥ ሰው አይቻለሁ። ሬጅስትራር ደግሞ አይሮጥም።

ከመግባቴ በፊት ክረምቱን ምን ላድርግ?

እንግሊዝኛ አንብቡ፤ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ባዮሎጂው ሳይሆን ቋንቋው ነው። የሰፈራችሁን ዛፎች ስም ቁጠሩ፤ ሃያ ካልሞላችሁ አያት ጠይቁ። ሽንኩርቱንም ዛሬ ብርጭቆ ላይ አስቀምጡት። ክሮሞሶም ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ሥሩ ሲወጣ ለማየት ግን መስኮት ዳር ይበቃል። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። አለበለዚያ ቤቱ ይሸታል፤ እናትም ሽንኩርት ስንት እንደገባ እያነሳች ትቆጣለች።